ክራቭን ብዬ ስጣራ

ክቡራትና ክቡራን፤

ክላይቭ እንዲህ ብለሽ ጀምሪ ስላለኝ ነው። በዚህ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ክቡራን ተብላችሁ እንደማታውቁ እኔም አውቃለሁ፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ጠዋት ጠዋት የምላችሁ "ተራ ያዙ፣ ጫማችሁን ጥረጉ" ነው። ዛሬ ሳልነግራችሁ ጠርጋችሁ ስለመጣችሁ ክቡራን ናችሁ።

ሥራ አስኪያጃችን ክላይቭ ይህን ስንብት ስላዘጋጀልኝ አመሰግነዋለሁ። የመጋዘን ሠራተኛችንን ትሬቨርንም አመሰግናለሁ፤ ለወንበሮቹ ቦታ ለማግኘት የመጋዘኑን የኬብል ጥቅል ሁሉ ብቻውን ሲያንከባልል ነው የዋለው። እናንተንም ደንበኞቻችን፣ ሥራችሁን ጥላችሁ ስለመጣችሁ። ዛሬ ከሰዓት በከተማችን በሃሊፋክስ መብራት የጠፋበት ሰው ካለ እግዜር ይርዳው፤ ኤሌክትሪሺያኑ ሁሉ እዚህ ኬክ እየበላ ነው።

ንግግር አልችልም። ይህን የጻፍኩት ወጥ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ነው። ቀስ ብዬ ባነበው ታገሱኝ። እኔም አንዲት ሶኬት ስትመርጡ ብዙ ታግሻችኋለሁ።

በራችን ላይ "ለኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ብቻ" የሚል ጽሑፍ አለ። እኔ ሳልቀጠር በፊት የተሰቀለ ነው። በእሱ የተነሳ ስንት ሰው ተቀይሞናል? አንድ ቀን ደህና ሱፍ የለበሱ ሰው ገብተው አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ስጪኝ አሉኝ።

"የሙያ ካርድ አለዎት?" አልኳቸው።

"እኔ እንኳ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የባለቤቴ ወንድም ግን ኤሌክትሪሺያን ነው።"

"እንግዲያው የባለቤትዎን ወንድም ይላኩልኛ።"

"ከገና ወዲህ አንነጋገርም።"

ከኋላቸው ተራ የያዘው ሽማግሌው ሞርቲመር ነበር። "ዶክተር፣" አላቸው፣ "እኔ ጥርሴን ራሴ ልነቅል ነው ብል ጉጠቱን ይሸጡልኛል?"

ሰውየው ሳቁ። የሞርቲመርን ስልክ ተቀብለው ሄዱ፤ የክሊኒካቸውን መብራት እስከ ዛሬ የሚሠራላቸው እሱ ነው። የእሱን ጥርስ ግን እስካሁን ማንም አልነካውም፤ ሲስቅ ታዩታላችሁ።

ሰው ይህን ጽሑፍ እንደ ኩራት ያየዋል። እኔም ስቀጠር ኩራት መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ነው የገባኝ። ከባንኮኒው ላይ አንስተን የምንሰጠው ዕቃ ባላወቀ እጅ ቤት ያቃጥላል፤ ይህ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ጠዋት በአንድ ሰዓት እዚህ የሚቆም ሰው ብቻውን አይቆምም። ምድጃው አልበራ ያለው ዳቦ ጋጋሪ ከጀርባው አለ። ሕፃን ይዛ በብርድ የምትጠብቅ ሴት አለች። እሱን ቶሎ ሸኘነው ማለት ለእነሱ ደረስንላቸው ማለት ነው።

መሰላል ላይ ሆኖ የሚደውልልኝም አለ። "ያቺን ግራጫዋን፣ ባለፈው የሰጠሽኝን" ይለኛል። ከዕቃችን ግራጫ ያልሆነው የቱ ነው? እኔ ግን አልስቅበትም። የት ሠፈር እንደሆነ፣ ቤቱ ያረጀ ይሁን አዲስ እጠይቀዋለሁ፤ ከዚያ ትሬቨር ይዞለት ይሄዳል። አገልግሎት የሚባለው ለኔ ይኸው ነው፤ ሰውየውን ከመሰላሉ አለማስወረድ።

እንደምታውቁት እኛ ባንኮኒ ላይ ማንም በመጀመሪያ ስሙ አይጠራም። የሚጠራው በድርጅቱ ስም ነው። ትሬቨር የታዘዘውን ዕቃ ከውስጥ ያወጣል፣ እኔ ከሰው ራስ በላይ እጣራለሁ፣ ባለቤቱ "አቤት" ብሎ ይመጣል። የሞርቲመርን የመጀመሪያ ስም ለብዙ ዓመት አላውቀውም ነበር። ሚስቱ አንድ ቀን ደውላ "ሲረል አለ?" ብትለኝ፣ "ተሳስተሻል እናቴ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁባት።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ አዲሶቹ አታውቁትም። ልጄ ጋረት ኤሌክትሪሺያን ነበር። ከጓደኛው ከሳጂድ ማህሙድ ጋር ሆነው የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በማን ስም ይሁን ሲባል ሳንቲም ጣሉ፤ ጋረት አሸነፈ። ድርጅቱ በቤተሰባችን ስም "ክራቭን" ተባለ። ሳጂድ፣ "ሁለተኛ ይጣል ብለው እምቢ አለኝ" ይላል እስከ ዛሬ።

በመጀመሪያው ቀን ጋረት እዚህ መጥቶ እንደ ሰው ተራ ያዘ። ተራው ደረሰ።

"እማ፣ አንድ ጥቅል ኬብል ስጪኝ።"

"የሙያ ካርድህን ልየው።"

"እማ፣ ምን ሆነሻል?"

"ከዚህ ባንኮኒ ወዲህ እማ የሚባል ሰው የለም። ሰው እየጠበቀ ነው፣ የኔ ጌታ።"

ሰዉ በሳቅ ሞተ። ጋረት ጆሮው ቀልቶ ወደ መኪናው ሄደ፣ ካርዱን ይዞ ተመለሰና ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። ፎቶውን አየሁ። ፊቱን አየሁ። ፎቶውን ደግሜ አየሁ።

"ቁርስ በልተሃል?" አልኩት።

ትሬቨር ጥቅሉን ሲያወጣ "ክራቭን!" ብዬ ተጣራሁ። ልጄ የቆመው ከፊቴ ነው፣ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን ደንቡ ደንብ ነው። እሱም ቤቱ እስኪናወጥ "አቤት!" አለ።

ከዓመታት በኋላ፣ በረዶ በበዛበት አንድ ጥር፣ ኮረብታው ላይ ያለ አንድ እርሻ ቤት መብራት ጠፍቶበት ጋረትን ጠሩት። ሄደ፣ ሠራላቸው። ሲመለስ መኪናው ከመንገድ ወጣ። ገበሬው በኋላ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ "ስንሸኘው መስኮታችን ሁሉ በርቶ ነበር" አለኝ። ያን ሊነግረኝ ብሎ ነው ያን ሁሉ መንገድ የመጣው። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልናገርም።

ሰው ሁሉ ሥራሽን ተዪው አለኝ። ጎረቤቴ፣ "ሎሬይን፣ ቀኑን ሙሉ ልጅሽን የሚመስል ሰው እያየሽ እንዴት ትችይዋለሽ?" አለችኝ። እኔም አልችለውም ብዬ ነበር። ከቀብሩ በኋላ እዚህ የመጣሁት መልቀቄን ለክላይቭ ልነግረው ነው። ነገር ግን ጠዋት ነበር፣ ሰዉ እስከ በሩ ተሰልፏል፣ ክላይቭ ብቻውን ላብ በላብ ሆኗል። ኮቴን አወለቅሁና ባንኮኒው ጋ ቆምኩ።

ትሬቨር አንድ ካርቶን ይዞ ወጣ። ላዩ ላይ የተጻፈውን ሳየው ክራቭን ይላል። ሳጂድ ያዘዘው ዕቃ ነበር። ትሬቨር በጆሮዬ፣ "ተዪው፣ እኔ ቀስ ብዬ ልስጠው" አለኝ።

ተቀበልኩት። አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

ከተሰለፈው ሰው ግማሹ ጫማውን ያያል፣ ግማሹ ጣሪያውን። ይህን ጊዜ ሞርቲመር፣ "ሴትዮ፣ ትጠሪዋለሽ ወይስ ሌላ ቤት እንሂድ?" አለ።

ባለጌ ነው። እግዜር ይስጠው።

"ክራቭን!" ብዬ ጮህኩ። ከኋላ፣ ከበሩ ሥር፣ "አቤት!" አለኝ ሳጂድ።

ከዚያ ወዲህ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። በየዓመቱ ቤተ ክርስቲያን የልጄ ስም ከሞቱት ጋር ይነበባል፤ የሚመልስ የለም። መቃብሩ ላይ ተቀርጿል፤ ድንጋይ ነው። ቤቴ ውስጥ ብጠራው ግድግዳው ብቻ ነው የሚሰማኝ። እዚህ ግን ጠዋት ጠዋት ስሙን እጠራለሁ፣ አቤት የሚለኝ አለ። ሥራዬን የቀጠልኩት ለዚህ ነው። ለደመወዙ መስሏችሁ ከሆነ ክላይቭን ጠይቁት።

አዲስ ሰው ሳጂድን ሲያይ ግር ይለዋል። "ክራቭን አንተ ነህ?" ይለዋል።

"አዎ፣ በእናቴ በኩል ነው" ይልና በአገጩ ወደ እኔ ይጠቁማል።

አርብ አርብ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች ስናዘጋጅላችሁ፣ ለእሱ እንቁላሉን በሌላ መጥበሻ የምጠብስለት እኔ ነኝ። "አንድ ልጅ ብቻ ነው እንዴ ያለሽ?" እያለ ሞርቲመር ይቀናል።

ዘንድሮ ሳጂድ አዲስ መኪና ገዛ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ የድርጅቱ ስም እንኳ ያልተጻፈበት።

"መኪናህ ለምንድን ነው ስም የሌለው?" አልኩት።

"ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው ታሟል፣ አክስቴ።"

ከወር በኋላ ደግሞ ጠየቅኩት። "እስካሁን አልተሻለውም?"

"ከባድ ሕመም ነው፣ አክስቴ። ጸልዪለት።"

እኔም ሞኝ ነኝ፣ ጸለይኩለት። በኋላ ነው ሞርቲመር ነገሩን ያፈረጠው። "ምን ሕመም አለበት? ትናንት ቢራውን ሲገለብጥ ነበር። የሳጂድ ልጅ ዘይነብ የኤሌክትሪክ ሥልጠናዋን ልትጨርስ ነው፤ ከአባቷ ጋር ልትሠራ ነው። መኪናው ላይ ማህሙድ እንዲባል ትፈልጋለች። እሱ ደግሞ አንቺን ፈርቶ ነው። ክራቭንን ከሚፍቅ መኪናው ያለ ስም ቢያረጅ ይሻለዋል።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ቤቴ ገብቼ ኮቴን ሳላወልቅ ተቀመጥኩ። ልጄን ሁለተኛ ሊቀብሩብኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ጡረታዬ ደርሷል፤ እኔ ስሄድ የሚጠራው አይኖርም፤ አሁን ደግሞ ስሙ ራሱ ሊሄድ ነው። ለማን አቤት እላለሁ?

ቆይቼ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ሳጂድም አባት አለው፤ አባቱ ያወረሰው ስም አለው። አንዲት ሴት ልጇን መጥራት እንዳትተው ብሎ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስሙን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በሰው ስም አቤት ሲል ኖረ። እኔ በጋረት ስም ደስ ይለኝ የነበረው ልጄ በገዛ ስሙ ሲጠራ ስለሰማሁ አልነበረም ወይ? ዘይነብስ? እሷስ በመጀመሪያ ቀኗ ስሟ ተጠርቶ ጆሮዋ ሊቀላ አይገባም? አባቷስ ያን ሊሰማ አይገባም?

ሳጂድ፣ ከኋላ ከበሩ ሥር እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ወትሮም ቦታህ እዚያ ነው። ሳንቲሙ ሁለተኛ ይጣል ብለህ ነበር፤ ጋረት እምቢ አለህ። ልጄ እልኸኛ ነበር። እኔ እናቱ ነኝ፤ ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤቴ ውስጥ ጣልኩት። አንተ አሸንፈሃል። በምን ወጣ ብለህ አትጠይቀኝ።

ያ በሽተኛ ሰውዬም አሁን ይዳን።

ትሬቨር ከባንኮኒው ሥር አንድ ጥቅል ኬብል አስቀምጦልኛል፤ ላዩ ላይ የአዲሱ ድርጅታችሁ ስም ተጽፏል። የዘይነብ ነው። ክላይቭ፣ ካርዷን ሳታይ እንዳትሰጣት። ቁርስ መብላቷንም ጠይቃት።

በሉ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ልመርቃችሁና ልውረድ። ሽቦ ከመንካታችሁ በፊት ደግማችሁ የምትፈትሹበትን ትዕግሥት ይስጣችሁ። በረዶ ሲጥል የኮረብታውን መንገድ ያቅናላችሁ። መብራት ያበራችሁለት ሰው ይመርቃችሁ፤ እናንተም ስትገቡ ቤታችሁን በርቶ አግኙት። ይህ ባንኮኒ ሰው አይጣ። ክላይቭና ትሬቨር፣ ጉሮሯችሁ አይዘጋ። የሚጠራችሁ ሰው አትጡ፤ ስማችሁ ሲጠራም አቤት ለማለት ያብቃችሁ።

አሁን ለመጨረሻ ጊዜ ልጣራ ነው። ድምፄ እምቢ ካለኝ፣ ሞርቲመር፣ ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ።

ተራ ያዙ።

ማህሙድ!