እህቴን ያስኮበለልኳት እኔ ነኝ

የጎጆ ከተማው ገመቹ እህቴን ለሊሴን በሽማግሌ ሲያስጠይቅ አባባ «ታላቋ ሳትዳር ታናሿን አልሰጥም» ብሎ መለሳቸው። ታላቋ እኔ ነኝ። አምቦ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ፤ ማግባት ገና አላማረኝም። ታዲያ እሷ እየወደደችው በኔ የተነሳ ቆማ ትቅር? ተናደድኩ። ተማሪዎች ይዤ ባሌ ተራሮች ፓርክ ሄጄ ስለነበር አስጎብኚውን አውቀዋለሁ፤ ደወልኩለት፣ ማደሪያ ያዝኩ፣ ቀን ቆረጥኩ። አባባን «ለሊሴን ፓርኩን ላሳያት» አልኩት። «በደንብ ጠብቂያት» ብሎ መርቆ ሸኘን። ገመቹ ቀድሞን ደርሷል። የፓርኩ ከፍታ ሳነቴ ላይ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፤ በነጭ ቀሚሷ ላይ የኔን ካፖርት እንደደረበች፣ አስጎብኚውና ያመጣን ሾፌር ምስክር ሆነው ቀለበት አሰረላት።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ይዘን አባባ ፊት ቆምን። ተቀመጡ አላለንም። «ልጄን ያስኮበለለው ሰው ወደ ፊት ይውጣ» አለ። ገመቹ ሊራመድ ሲል ቀደምኩት።

«እኔ ነኝ አባባ። እሱ የመጣው ስጠራው ነው።»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን ያያሉ። አባባ ወደኔ ዞሮ፣ «ጠብቂያት ብዬሽ አልነበር?» አለኝ።

«ጠብቄ ለባሏ አስረከብኳት።»

በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፈነ፤ ትከሻው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። «ተቀመጡ» አላቸው። በዚያች ቃል ዕርቅ ወረደ። እኔም ልቀመጥ ስል፣ «አንቺ ቁሚ፤ የእህትሽን የመልስ ምሳ አቅርቢ» አለኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ወጥ ጨልፌ አላውቅም።