የእትዬ ዙሀራ ማስታመም

እትዬ ዙሀራ ከሸዋ ሮቢት ገበያ በባጃጅ ሲመለሱ ሾፌሩ ነጭ ጋወን የደረበች ሴት አጠገባቸው ጫነ።

“ሐኪም ነሽ ልጄ?”

“ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ሩዋይዳ እባላለሁ። ልጁንም አዋቂውንም የዛለ አካሉን አለማምዳለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ሠራሁበት።”

ከዚህ በኋላ ማን ያስቆማቸው! ባላቸውን ጋሽ ኢብራሂምን ስትሮክ ከመታቸው አራት ወር ሆኗል፤ ቀኝ ጎናቸው ዝሏል። “አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አላጎደልኩበትም። አጎርሰዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ። ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ የማባርረው እኔ ነኝ።”

“እሳቸውስ እጃቸውን ይሞክሩታል?”

“ምን በወጣው! እኔ እያለሁለት?”

“እንግዲያው እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ እጃቸውን የያዘው በሽታው ብቻ አይደለም። እርስዎም ይዘውታል።”

እትዬ ዙሀራ ባጃጁን አስቁመው ሊያወርዷት ቃጣቸው። በይፋት ባሏን የምታስታምም ሴት ትመረቃለች እንጂ አትመከርም። “በሽተኛ ይከበራል እንጂ ሥራ ይታዘዛል?”

“ያልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያ ይደርቃል፤ አንጎልም እጁን ይረሳዋል። ለመሆኑ እሳቸው ምን ይመኛሉ?”

እትዬ ዙሀራ የትናንቱ ትዝ አላቸው። ባላቸው “ለሶላት ውዱኤን በገዛ እጄ ባደርግ” ሲሉ እሳቸው “አትድከም፣ ዝም በል” ብለው ነበር ፊታቸውን ያጠቧቸው።

“ነይ እስቲ፣ ከቤት ግቢና እዪው” አሉ በመጨረሻ።

ሩዋይዳ ጋሽ ኢብራሂምን ደግፋ አስቀመጠች፤ ቀኝ እጃቸውን በግራቸው እያገዙ የውዱእ ውሃ ወደ ፊታቸው እንዴት እንደሚያደርሱ አሳየቻቸው። ቀኙ ተንቀጠቀጠ፣ ውሃው ተደፋ። እትዬ ዙሀራ ሊያግዙ ብድግ አሉ።

“ተይኝ!” አሉ ጋሽ ኢብራሂም።

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ያለ ድምፅ አልወጣቸውም ነበር። ውሃው ፊታቸው እስኪደርስ ምንጣፉ አብሯቸው ውዱእ አደረገ። ግን ደረሰ። ጋሽ ኢብራሂም አለቀሱ።

“በአንድ ቀን አይሆንም” አለች ሩዋይዳ። “በየቀኑ ከተለማመዱ ግን መጉረሱ፣ መልበሱ፣ በከዘራ መስጊድ መድረሱ ሊመጣ ይችላል። እርስዎም እትዬ፣ ወገብዎ ያርፋል። የሚችሉትን ይተዉላቸው፤ ያቃታቸውን ብቻ ያግዙ።”

በሁለተኛው ወር ጎረቤታቸው ወይንሸት ልትጠይቅ ብትመጣ፣ ጋሽ ኢብራሂም ሩዙን ግማሹን አፋቸው ግማሹን ጭናቸው ላይ እያደረጉ ብቻቸውን ይበላሉ። እትዬ ዙሀራ እጃቸውን አጣምረው ያያሉ።

“ምነው ዙሀራ፣ እንዲህ ጨከንሽ?” አለች ወይንሸት በሹክሹክታ።

“ጨክኜስ ነበር” አሉ እትዬ ዙሀራ፤ “አሁን ተውኩት።”