ላጨበጨብነው የቀረልን ትርጉም

ወገኖቻችን፣ ጥቂት ታገሡን። የምናነበው ጽሑፍ የሟቹን መልካም ሥራ ብቻ የሚዘረዝር አይደለም። አቶ ጉግሳ ገብረ መድኅን ያሳፈራቸው ነገር ተዘሎ እንዳይነበብ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩወርቅ አደራ ብለው ያለፉ በመሆናቸው፣ አደራው ቢከብደንም እንደ ቃላቸው እናደርጋለን።

አቶ ጉግሳ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድኅን አየነው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩሰው በ1909 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተወለዱ። አባታቸው ከመንዝ ወርደው በሐዲድ ጥገና ይሠሩ የነበሩ ሲሆን፣ ልጃቸው ግን ከሐዲዱ ይልቅ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረው መጋላ ሰፈር መዋል ይወዱ ነበር። ፊደል በቤተ ክርስቲያን፣ ፈረንሳይኛ በትምህርት ቤት ተማሩ። ኦሮምኛውን ከእንጨት ሻጮች፣ ሱማልኛውን ከወተት ሻጮች፣ አደርኛውን ከልብስ ሰፊዎች፣ ዓረብኛውን ከሻይ ቤት ለቃቀሙት። ከተማውም «ሰባት አፍ ጉግሳ» አላቸው። አፎቹ ሲቆጠሩ ግን ከአማርኛው ጋር ስድስት ነበሩ። ሰባተኛውስ ምንድን ነው ተብለው ሲጠየቁ የመጋላ ቀልደኞች «ቅጥፈት» ይሉ ነበር። አቶ ጉግሳም አብረው ይስቁ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. በባቡር ጥገና ክፍል በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ተቀጥረው እስከ ሕመማቸው ድረስ አገለገሉ። ጠላት ከወጣ በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም.፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሁለት ልጆች ወለዱ።

ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ግን በሥራቸው ሳይሆን በሲኒማቸው ነው። እሑድ እሑድ ከሸራው ጎን ቆመው የውጭውን ፊልም ይተረጉሙልን ነበር። በትክክል ተርጉመው ግን አያውቁም። በፊልሙ ውስጥ ንጉሡ ጦር ሲያዝ እሳቸው ስለ በርበሬ ዋጋ ያናግሩታል፤ ሙሽራዪቱ ስታለቅስ እሳቸው ባቡር ያመለጣት ያስመስሏታል። ንጉሡም ሙሽራዪቱም ከባሕር ማዶ ስለሆኑ የሚቀየም አልነበረም። እኛም ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር።

በ1950 ዓ.ም. እሳቸውና የመጋላው ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ በድሩ አንድ ነገር አሰቡ። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ፣ የከተማው ሰው ሁሉ በየራሱ መሣሪያ ያነሳውን ፊልም ይዞ የሚመጣበት ሰሞን እንዲኖር። ከሲኒማ ቤት የማይገኝ ፊልም። ግሪኩ የደሴቱን ሠርግ፣ አርመኑ የአያቱን የወይን እርሻ፣ ሕንዱ አስተማሪ የእኅቱን ጭፈራ፣ የመኑ ነጋዴ የወደቡን ጀልባዎች አመጣ። ሐጂ በድሩ አቡጀዲ አሰፉና በደረቁ የደቻቱ አሸዋ ላይ፣ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጠረ። አቡጀዲ ሥዕሉን በሁለቱም ፊት ስለሚያሳይ፣ የከዚራ ሰው ከጨርቁ ወዲህ፣ የመጋላ ሰው ከጨርቁ ወዲያ ተቀመጠ። ለአንዱ ወገን ሥዕሉ ተገልብጦ ነበር የሚታየው፤ ለየትኛው እንደሆነ ግን በየዓመቱ እንከራከር ነበር። አቶ ጉግሳ ድምፃቸው ለሁለቱም እንዲደርስ ከምሰሶው ሥር ይቆማሉ።

አንድ ደንብም ነበር። ፊልም ያመጣ ሰው ከሰዓት በኋላ በሐጂ በድሩ ቤት፣ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ፣ የፊልሙን ነገር ለተርጓሚው ይነግራል። አቶ ጉግሳ ግሪኩን ጠይቀዋል። አርመኑንም ሕንዱንም ጠይቀዋል።

በ1954 ዓ.ም. ሮብሌ የሚባል የባቡር ፍሬን ሠራተኛ ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው መንደር በቢዮ አዋሌ ያነሳውን ፊልም አመጣ። ድምፅ የለውም። በዚያ ቀን በርጫው ላይ ሮብሌ ቢጠብቅ ቢጠብቅ አቶ ጉግሳ አልመጡም። ሐጂ በድሩ ሰው ሲልኩባቸው፣ ለጎረቤት ፊልም ምን ነጋሪ ያሻኛል፣ ሱማልኛ እንደሆነ ያደግሁበት ነው ብለው መለሱ። የሩቁን ጠይቀው የቅርቡን አውቀዋለሁ አሉ። ጥፋታቸው ከዚህ ይጀምራል።

ሲመሽ ፊልሙ ታየ። ወተት ሻጭ እናት እቃቸውን ተሸክመው ከቢዮ አዋሌ ሲወርዱ ይታያል። ደቻቱ ዳር ሲደርሱ እቃውን ያወርዳሉ። ወደ ደረቁ አሸዋ ዞረው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ያ ብቻ ነው። ፊልሙ ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ያንኑ ከንፈር ያሳያል።

አቶ ጉግሳ ሕዝቡ ዝም ማለቱን ሰሙ። ዝምታ አይወዱም ነበር። ድምፃቸውን አቅጥነው እንዲህ አሉ፦

«አንቺ ደቻቱ፣ እባክሽ ትንሽ ውሃ ጣል አድርጊልኝ፤ ወተቴ አልበዛ አለኝ!»

ከጨርቁ ወዲህ ያለነው በሳቅ ወደቅን። ከጨርቁ ወዲያ የሳቀ ጥቂት ነበር። የሮብሌ እናት፣ በሸራው ላይ የሚታዩት ወይዘሮ ቢላን፣ ከፊት ተቀምጠው ነበር። ከዚራ ወተት ሲሸጡ የኖሩ በመሆናቸው አማርኛው አላመለጣቸውም። ተነሥተው ቆሙ፤ ድምፃቸውን ሳያነሡ በሱማልኛ ጥቂት ቃል ተናገሩ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ መጋላ አቀኑ። ሮብሌም የፊልም ማሳያ ማሽኑን ጥሎ ተከተላቸው።

ምን አሉ? ብለን ከወዲህ ጮኽን። ጉግሳ፣ ምን አሉ?

አቶ ጉግሳ ሰምተዋል። ቃል በቃል ሰምተዋል። ወደ እኛ ዞረው «ደስ ብሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ ይላሉ» ብለው ተረጎሙ።

አጨበጨብን።

ከጨርቁ ወዲያ ግን ያጨበጨበ አልነበረም። ሱማልኛ የሚሰማው ሁሉ ውሸቱን አውቆታል፤ ጎረቤትን በአደባባይ ማዋረድ ነውር ነውና ራሱ ያርመው ብለው ተዉት። በዚያው ሁኔታ ብዙ ዓመት ጠበቁ።

በማግስቱ ሮብሌ ነገሩን ነገራቸው። ታናሽ እኅቱ ሆዳን ወተት ይዛ ስትሻገር ደቻቱ ድንገት ሞልቶ ወስዷት ነበር። አስከሬኗ አልተገኘም። እናቱ ከዚያ ወዲህ በተሻገሩ ቁጥር እቃቸውን አውርደው ይጠሯታል። ፊልሙ ስሟን ሲጠሩ ነው። ሮብሌ አልተቆጣም፤ ጋሽ ጉግሳ፣ በርጫው ላይ ብትመጣ ኖሮ እነግርህ ነበር ብቻ አለ።

ቀልዱ ግን ከተማ ገባ። ከዚራ ውስጥ ወተት ሻጭ በመጣች ቁጥር «ደቻቱ ዛሬ ውሃ ሰጠችሽ ወይ?» የማይል ደጅ ጠፋ። ወይዘሮ ቢላንም በየበሩ ይህን እየሰሙ ወተታቸውን ሲሰፍሩ ኖሩ። ይህን ካልነው ሰዎች ብዙዎቻችን ዛሬ እዚህ ቆመናል።

አቶ ጉግሳ በሐጂ በድሩ ሽማግሌነት ፍየልና ስኳር ይዘው ቢዮ አዋሌ ወጡ። ወይዘሮ ቢላን ሻይ አቀረቡ፤ ፍየሉን ግን መልሰው አስያዟቸው።

«የእኔ ይቅርታ ያለው በአንተ አፍ ነው፣ አያ ጉግሳ» አሏቸው። «ያልኩትን ላጨበጨቡልኝ ሰዎች ንገራቸው። ከዚያ ና፣ ፍየሉን አብረን እንበላለን።»

ቀላል ነበር። ጥቂት ቃል ነው። ይሁን እንጂ አቶ ጉግሳ ያን ጥቂት ቃል በሆዳቸው ይዘው ሲኒማ መተርጎም ተዉ፣ ሠርግ ላይ መቀለድ ተዉ፣ ደቻቱንም በድልድይ ካልሆነ በአሸዋው አልሻገርም አሉ። በ1957 ዓ.ም. ሮብሌን ለምነው ፊልሙ ዳግም እንዲታይ አደረጉ። ሥዕሉ እዚያ ከንፈር ላይ ሲደርስ ከምሰሶው ሥር ሄደው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። ከጨርቁ ወዲህ ያለነው ገና ምንም ሳይሉ ሳቅን። ከመሐላችን አንዱ «ሰባት አፍ፣ ወተቷን ንገረን» አለ። አቶ ጉግሳ አፋቸውን ገጥመው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ አቡጀዲውን ከመወጠርና አሸዋውን ከመጥረግ በቀር ሌላ ነገር አላደረጉም። እኛም ዕድሜ ዝምተኛ አደረጋቸው አልን።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ምክንያት በቤታቸውና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው፣ በተወለዱ በሃምሳ ሦስት ዓመታቸው፣ በዚህ በ1962 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን በየማለዳው ደጃቸው ላይ የግመል ወተት ይቀመጥ ነበር። ከማን እንደሆነ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ቢጠይቋቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ኋላ ግን ያን የወይዘሮ ቢላንን ቃል አስጻፏቸው፤ በቀብሬ ዕለት የከዚራ ሰው ሁሉ ይመጣል፣ ያን ቀን የሚስቅ አይኖርም አሉ።

አቶ ጉግሳ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩወርቅን፣ ልጆቻቸውን በለጠችንና ገብረ ሕይወትን፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ወዳጃቸውን ሐጂ በድሩን፣ እንዲሁም አሁንም የተጣጠፈውን አቡጀዲ ትተው አልፈዋል።

ወይዘሮ ቢላን ከልጃቸው ከሮብሌና ከመጋላ ሰዎች ጋር ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር፣ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ከዚህ ይታያሉ። በ1954 ዓ.ም. ደቻቱ አሸዋ ላይ የተናገሩት፣ በአቶ ጉግሳ ገብረ መድኅን ትርጉም፣ ይህ ነው፦

«ደቻቱ ውሃ ሰጥታኝ ነበር። ልጄን የወሰደችብኝ ዕለት የሰጠችኝን ገና ጠጥቼ አልጨረስኩም።»

አጨብጭበን ነበር።

እግዚአብሔር አሁን የአቶ ጉግሳን ነፍስ ያሳርፍ፤ ለሆዳንም ዕረፍት ይስጣት።