ሶፋውን ማን አወጣው?

(ከምሳ በኋላ፣ በአንድ ፊልም ሠሪ ድርጅት ጠባብ ክፍል። የድራማ ጸሐፊዋ መቅደላዊት ከአንድ የታወቀ የቆየ የወንጀል ልብ ወለድ የተሠራውን የመጀመሪያ ክፍል ለአማካሪዋ፣ ለጡረተኛው መርማሪ ለሻምበል ደምሰው እያሳየች ነው።)

ሻምበል፦ ክፍሉ ተበላሽቷል። ከመርዶው ጀምሮ ያለው ሁሉ ውሸት ነው።

መቅደላዊት፦ ሁሉ? ጋሼ፣ ገና አምስት ደቂቃ ነው ያየነው።

ሻምበል፦ ወጥ መጎምዘዙን ለማወቅ ድስቱን መጨረስ ያስፈልጋል? ይሄን መርማሪ ተመልከቺው። በር ያንኳኳል፣ ጥቁር መነጽሩን እንኳ ሳያወልቅ፣ «ወይዘሮ አስካለ፣ ባለቤትዎ ተገድለዋል፤ ትናንት የት ነበሩ?» ይላል። በቆመችበት! ብቻዋን! ይሄ የየት አገር ፖሊስ ነው?

መቅደላዊት፦ ተመልካች ፍጥነት ይወዳል።

ሻምበል፦ ተመልካች ሰው ሞቶበት አያውቅም? እናቱ ስትሞት እንደዚህ በሩጫ ነው ያረዱት?

መቅደላዊት፦ እሺ፣ እርስዎ እንዴት አደረጉት? መጽሐፉ የተጻፈው በእርስዎ ምርመራ ላይ ነው። የሴትዮዋን ስም እንኳ አልቀየረም።

ሻምበል፦ እኔማ በወጉ ነው ያደረግሁት። ሬሳው አመሻሽ ላይ ተገኘ። ወዲያው ወደ ዕድሩ ዳኛ፣ ወደ አቶ ብሩ ሄድኩ። «ሴትዮዋ ዘመድ የላትም፤ ጎረቤት ሰብስብልኝና ሲነጋ አብረን እንግባ» አልኩት። ፖሊስ ብሆንም ሰው ነኝ።

መቅደላዊት፦ ለጎረቤት ቀድሞ ተነግሮ ነበር ማለት ነው።

ሻምበል፦ ታዲያስ! መርዶ እንደዚያ ነው። ጻፊው። ይሄን ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም።

መቅደላዊት፦ አያስተምሩም። እየጻፍኩ ነው። ስንት ሰዓት ደረሱ?

ሻምበል፦ እኔ ዘገየሁ፤ መኪናው አልነሳ አለ። አሥራ ሁለት ተኩል ይሆናል።

መቅደላዊት፦ ጎረቤቶቹስ?

ሻምበል፦ እነሱማ ከአሥራ አንድ ጀምሮ እዚያው ነበሩ። ምነው ብዕርሽ ቆመ?

መቅደላዊት፦ መጽሐፉን ልከፍት ነው። ይቺን ገጽ አንባቢ ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። «መርማሪው ሲገባ ሶፋው ጓሮ ወጥቷል፤ አልጋው ተነስቷል፤ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። የባሏን ሞት ያልሰማች ሴት ቤቷን ለለቅሶ አታሰናዳም።»

ሻምበል፦ ትልቅ ገጽ ናት።

መቅደላዊት፦ አስካለ የተፈረደባትም በዚሁ በሶፋው ነገር ነው። መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ ሌላ የረባ ማስረጃ የለበትም። ጋሼ፣ ሶፋውን ማን አወጣው?

ሻምበል፦ አስካለ ናታ!

መቅደላዊት፦ ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ? ብቻዋን?

ሻምበል፦ ሰው ሲጨንቀው ጉልበት ያገኛል።

መቅደላዊት፦ ጋሼ።

ሻምበል፦ እሺ፣ ጎረቤትም አግዟት ይሆናል።

መቅደላዊት፦ ያንን ጎረቤት የላኩት እርስዎ ነዎት። ዕድርተኛ አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ለቅሶ ቤት በር ላይ እጁን አጣምሮ አይቆምም። ገብቶ ያረዳል፣ ዕቃ ያወጣል፣ ወንበር ይደረድራል። እርስዎ ደርሰው ያዩት የራስዎን መልእክት ውጤት ነው።

ሻምበል፦ አንቺ ድራማ ልትጽፊ ነው የተቀጠርሽው ወይስ እኔን ልትመረምሪ?

መቅደላዊት፦ እውነት ይምሰል ብለው የተቆጡት እርስዎ ነዎት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ሻምበል፦ ያኔ ነገሩ እንደ ወሬው ቀላል መሰለሽ? አለቃ «ሳምንት ሳይሞላ ገዳይ አምጣ» ይላል። ባሏ ይደበድባት ነበር፤ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ምክንያት ነበራት!

መቅደላዊት፦ ምክንያት ሶፋ አይሸከምም። አቶ ብሩስ? ዝም አሉ?

ሻምበል፦ ሁለቴ ጣቢያ መጣ።

መቅደላዊት፦ እና?

ሻምበል፦ ሻይ አስመጥቼለት ሸኘሁት። ነፍሱን ይማር።

መቅደላዊት፦ ቃላቸውን ሳይቀበሉ።

ሻምበል፦ ስሚኝ ልጄ። ክፍሉን እንደነበረው ተይው። ልጁ መነጽሩን ያድርግ፣ ያንኳኳ፣ ይጩህ፤ እኔ ምንም አላልኩም። ሰው የሚጠብቀው ያችን የሶፋ ገጽ ነው።

መቅደላዊት፦ አሁን ውሸቱ ተስማማዎት?

ሻምበል፦ ድራማ ነዋ! ሙሉ እውነት የሆነ ድራማ የት አይተሻል?

መቅደላዊት፦ ሴትዮዋ በሕይወት አለች። አሥራ አንድ ዓመት ታስራ ወጥታ እዚያው ሰፈር ነው የምትኖረው። መጽሐፉን ያላነበበ ጎረቤቷ ሁሉ ደግሞ በቴሌቪዥን ገዳይ ሆና ሊያያት ነው። አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፤ ካሜራ ፊት ተቀምጠው አሁን ያሉኝን ይድገሙት።

ሻምበል፦ የልጅ ልጆቼ ያዩታል እኮ! አገር ጎበዝ መርማሪ ነበር እያለኝ፣ በሰባ አምስት ዓመቴ ተዋርጄ ልሙት?

መቅደላዊት፦ እሷስ?

ሻምበል፦ እሷማ ለምዳዋለች።

መቅደላዊት፦ (ወረቀቷን ሰብስባ ትነሳለች።)

ሻምበል፦ ወረቀቱን ሰብስበሽ ወዴት ነው?

መቅደላዊት፦ ወደ አስካለ። ሶፋውን ማን እንዳወጣው ከእኔም ከእርስዎም በላይ ታውቃለች። አቶ ብሩ ሁለቴ ሊመሰክሩላት መምጣታቸውን ግን የነገራት የለም።

ሻምበል፦ ቆይ! ኧረ ቆይ አንቺ ልጅ! በሩን ተይው፣ ቁጭ ብለን እንነጋገር!

መቅደላዊት፦ ልዘጋው ነው፣ ሻምበል። አይስጉ፣ አልቆልፍብዎትም።