ጣት ታይ ለነበረችው ፋርማሲስት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቤተሰቦቿ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። አሥራ አራት ዓመት አብሬያት የሠራሁት የልብ ሐኪም ነኝ። «ተናገር» ስትሉኝ እሺ አልኩ። ግን ምንም አይሰማኝም። እንባም የለኝ። ጠዋት ጫማዬን አሰርኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና አሰርኩ። ይኸው ነው።

ነርሶቹ «መርማሪዋ» ይሏት ነበር። ለምን መሰላችሁ? መድኃኒት ሰጥታ ዝም አትልም። ብልቃጡን ታቀብልና «እስቲ እዚሁ ይክፈቱልኝ» ትላለች። ከዚያ ጣት ታያለች።

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። ጣቶቹ በመገጣጠሚያ ብግነት አብጠው ክዳን መክፈት አቅቶታል። ልቡም ምት ይስታል። እኔ ለልቡ የምት ማስተካከያ ክኒን አዘዝኩለት። በሦስተኛው ወር ሳታንኳኳ ክፍሌ ገባች።

«ዶክተር፣ ክዳኑን ራሱ ከፈተው!»

«እሰይ! ልቡስ?»

«ልቡን ተወውና ጣቱን እይ!»

አየሁ? አላየሁም። የልብ ሐኪም ልብ ነው የሚያየው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳቅኩባት። እሷ የሌሎቹንም ጣት እያየች በደብተሯ ጻፈች። ያ ክኒን ብግነትም ያበርድ ይሆን? ብላ ጥናት እንዲፈቀድላት ጠየቀች። የሆስፒታሉ የጥናት ኮሚቴ ሁለቴ መለሳት። ያኔ ማን አብሯት ቆመ? እኔ አይደለሁም። በሦስተኛው አፈርኩና ማመልከቻዋ ላይ አብሬያት ፈረምኩ፤ ተፈቀደ።

ጣታቸው ያበጠ ስድሳ ሕመምተኞች ጥናቱ ውስጥ ገቡ። ግማሾቹ ክኒኑን ይወስዳሉ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበትን አምሳያውን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ እኛም አናውቅም። ዝርዝሩ በፖስታ ታሽጎ ካዝና ውስጥ ነው።

ከዚያ ታመመች። ባለፈው ሰኞ ፖስታውን አውጥቼ አልጋዋ ዳር ሄድኩ። ማድረግ አልነበረብኝም፤ አደረግኩት።

«ልክፈተውና እወቂው» አልኳት።

«አፈር ስሆን፣ እንዳትከፍተው። ጥናቱ ሁለት ወር ይቀረዋል። ዛሬ ከከፈትከው ማን ያምነናል?»

«አንቺስ?»

«እኔማ ማወቅ እፈልጋለሁ። ግን አትክፈተው።»

ወስጄ መለስኩት። ረቡዕ ዐረፈች። መክፈት ነበረብኝ? እናንተ ብትሆኑ ትከፍቱት ነበር?

እህቴ፣ ቀኑ ሲደርስ እከፍተዋለሁ። ክኒኑ ሠርቶ ይሆናል፤ ላይሠራም ይችላል። ምንም ይሁን ምን፣ አንብቤ ሳልጨርስ ልነግርሽ ወደ መድኃኒት ቤቱ እንደምሮጥ አውቃለሁ። መስኮቱ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ «ምን ልታዘዝ?» ይለኛል። ሞታለች ሲሉኝ አልገባኝም። የዚያን ቀን ይገባኛል።

ደህና ሁኚ።