የናስር ሱቅ ዝም ያለ ለት

እኛ ጎልማሳ በነበርንበት ዘመን እዚህ መካነ ሰላም ሰው መሞቱ የሚታወቀው በናስር ሱቅ ነበር። አንቺ ሰዓዳ፣ ይኼ አሁን ባልዲና ጆግ የምትሸጪበት ሱቅ ማለቴ ነው፤ መደርደሪያሽ ያለበት ግድግዳ ድሮ ሙሉ ካሴት ነበር። ናስር የመን ተወልዶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ሰው ነው። ደሴ ጥቂት ተቀመጠና፣ ታዲያ ምን እንደታየው እንጃ፣ የሸክላ ማጫወቻውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በጭነት መኪና እዚህ መጣ። መጀመሪያ ሸክላ፣ ኋላ ራዲዮ፣ ኋላ ካሴት ሸጠ፤ የክራሩ ጅማት የተበጠሰበትም እሱ ዘንድ ነበር የሚመጣ።

እኔ በረንዳው ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እና ናስር ከበሩ በላይ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ፣ ልክ ከራሴ በላይ። ጠዋት ይከፍታል፣ ሲመሽ ይዘጋል። የኔ ትምህርት ደግሞ ከቄስ የተማርኳት ዳዊት ብቻ ናት፤ የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ እሷን ልድገም ስል ዘፈኑ እየገባ ያሳስተኛል። "ናስር፣ ቀንስልኝ እንጂ፣ ጸሎቴን አበላሸኸው" እለዋለሁ። እሱ ታዲያ በዚያ ባልተቃና አማርኛው፣ "አንተ ስፋ። እግዜር ጆሮ ትልቅ፣ ሁለታችን ይሰማል" ይለኛል። በየቀኑ ይኼው ነው፣ በየቀኑ።

ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤታችን የቄሱ እናት አረፉ። ማንም ሳይነግረው ናስር ዘፈኑን ዘጋ። ሦስት ቀን። ገበያ ነበር፣ ገዢ ነበር፣ አልከፈተም። ቀንስልኝ ስል የኖርኩት እኔ፣ ምነው ስለው፣ "እነሱ እያለቀሱ እኔ ልጨፍር?" አለኝ። እና ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ፤ ክርስቲያን ይሙት እስላም ይሙት፣ ናስር ሦስት ቀን ዝም ነው። ከወግዲ በኩል ለገበያ የሚመጣ ሰው ከተማው ጫፍ ደርሶ ዘፈን ካልሰማ፣ ሴቶቹ እዚያው ነጠላቸውን ያዘቀዝቃሉ፣ ማን እንደሞተ ሳያውቁ።

አንድ የገበያ ቀን መብራት ጠፋ። ታዲያ አታምኑኝም፣ ሰው በረንዳዬ ፊት ሞላ። አንዲት ሴትዮ እያለቀሰች መጥታ፣ "ማን ነው፣ ንገሩኝ እንጂ፣ የኔ ሰው ነው?" ትላለች። ናስር ወጣና ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ "ማንም። መብራት ነው" አለ። ሴትዮዋ ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች፣ ኋላ ሳቀች፣ ሁሉም ሳቀ። ግን አየሽ ሰዓዳ፣ ሰው መጥቶ ነበር። ዝም ሲል ሰው ይመጣ ነበር።

ባለቤቴ ዘነበች ያረፈች ጊዜ ሰባት ቀን ዘጋው። ኧረ ሦስቱ ይበቃል ስለው፣ "አብሽር፤ አንተ ዝም ብለህ እኔ ምን ልበል" አለኝ። ልጅ አልሰጠንም እግዚአብሔር፣ ስሙ ይመስገን።

ኋላ ናስርም ሞተ። ልጁ ጀማል ዘፈኑን ዘጋው። ሦስቱ ቀን አለፈና በአራተኛው ጀማል የማጫወቻው መክፈቻ ላይ እጁን አድርጎ ቆመ፤ እጁ እምቢ አለው። "ጋሼ፣ እርስዎ ይክፈቱት" አለኝ። እድሜ ልኬን ቀንስ ስል የኖርኩት ሰውዬ እኔው ከፈትኩት።

ከዚያማ ዘፈኑ ስልክ ውስጥ ገባ፣ ካሴት የሚገዛ ጠፋ፤ ጀማልም ባዶ ሱቅ ጠብቆ ጠብቆ ልጆቹን ይዞ ደሴ ገባ። ሲሄድ ምን ልተውልዎት ቢለኝ፣ ያችን ትንሿን ራዲዮ አልኩት። ሳቀ። "እርስዎ? ዘፈን?" አለኝ። ዘፈኑን አይደለም አልኩት። ምን ልበለው? ከሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ብቻዬን ነኝ፣ ብሞት ማን ያውቃል፣ ልበለው?

ታዲያ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ራዲዮዋን መስኮቱ ላይ አስቀምጬ እከፍታታለሁ። ምን እንደምትል አልሰማትም። ዝም ያለች ለት ሰው ይመጣል ብዬ ነው። ለማንም አልነገርኩም።

እና ባለፈው ማክሰኞ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሆን ብዬ አልከፈትኳትም። ፈተንኳችሁ፣ አንቺንም ጎረቤቱንም። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። ረፋድ ሆነ። ባጃጅ አለፈ፣ ተማሪዎች አለፉ። ቀትር ሆነ። ዳዊቴን ልድገም ብል፣ የሚያሳስተኝ ዘፈን ሳይኖር ተሳሳትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ እኔው ከፈትኳት። ማንም አልመጣም። አልፈርድባችሁም፤ ማን ነግሯችሁ።

ሰዓዳ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ጆግ አስቀመጠች።

"አባባ፣ ማክሰኞማ መጥቼ ነበር" አለች። "ጠዋት ራዲዮዎ ዝም ሲልብኝ ሱቄን ዘግቼ መጣሁ። ከበርዎ ቆምኩ፤ ወላሂ ማንኳኳቱን ፈራሁ። ኋላ ሲያስሉ ሰማሁና አልሐምዱሊላህ ብዬ ተመለስኩ።"

 ሽማግሌው ሳቁ፣ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"በይ እንግዲህ" አሏት፣ "ሌላ ጊዜ ሳል ብትሰሚም ግቢ።"