የግራ እግሩ ማሰሪያ

የምስክሩ ስም፦ በመዝገቡ ሽፋን ላይ የሰፈረው
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ በገመድ እየተንጠለጠለ የሕንፃ መስታወት ማጽዳት
አድራሻ፦ ከእህቱና ከእህቱ ባል ጋር በአንድ ግቢ
ቃሉን የሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡30

ትናንት ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡15 ገደማ ባለ ስድስት ፎቁ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ለሥራ የወጣነው እኔና የእህቴ ባል ነን። እሱን የሥራ ባልደረቦቻችን ጦጣው ይሉታል። ዘጠኝ ዓመት አብረን ሠርተናል። በልማዳችን አንዱ ከመውረዱ በፊት ሌላው የደህንነት ቀበቶውን ሁለት የእግር ማሰሪያዎች ሳብ ሳብ አድርጎ ይፈትሽና ጀርባውን መታ አድርጎ «ሂድ» ይለዋል። የማሰሪያው ጫፍ ተመልሶ በዘለበቱ ካልገባ ቀስ በቀስ ይሾልካልና ነው።

ጀርባውን መምታቴንና «ሂድ» ማለቴን አስታውሳለሁ። ማሰሪያውን መሳቤን ግን አፌን ሞልቼ መናገር አልችልም። ስስብ ይታየኛል፤ በሚታየኝ ላይ ግን ቀይ ሹራብ ለብሷል፣ ትናንት የለበሰው ሰማያዊ ቱታ ነው። የሕንፃው ጥበቃም በዚያው ሰዓት መጥቶ ስለ ውሃ ቱቦው ይጨቃጨቀኝ ነበር። የፍተሻ ቅጹ ላይ ፊርማዬ አለ፤ የሳምንቱን ሁሉ ሰኞ ጠዋት ስለምንፈርም ግን ለራሴም ማስረጃ አልሆነኝም።

ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ የግራ እግሩ ማሰሪያ ተፈትቶ ከቀበቶው ሾልኮ ወደቀ። ዳሌውና ክንዱ ተሰብሯል።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሆኖ ለአለቃችን «ፈትሾኛል፤ በኋላ ያላላሁት እኔ ራሴ ነኝ» አለ። እንዲህ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው፣ ከሥራ ይባረራል። ካልሆነ የእኔ ነው፣ እታሰራለሁ። እውነቱን ይሁን ለእኔ አዝኖ እንጃ። ብቻችንን ስንሆን ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እህቴ ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ «እሱ እንደሆነ ወድቋል፤ ደግሞ አንተን ልጣ? ዝም በል በቃ!» አለችኝ። ለእሷ ብዬ ግን ዓይኔን በጨው ታጥቤ ፈትሼዋለሁ አልልም።

መርማሪው ፈትሼ እንደሆነና እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ሦስቱንም ጊዜ አላውቅም ብያለሁ። ጥፋቱ የግድ ከሁለታችን በአንዱ ላይ መጻፍ ካለበት፣ ሳያውቅ «ሂድ» ያለው እኔ ነኝና በእኔ ላይ ይጻፍ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቼዋለሁ። አላውቅም ያልኩት ጭምር እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________